ሠላሳ ሦስት ካሴት

ታሪክ ይጻፍ ከተባለ፣ ከምድር ቤቱ ይጀመር፤
ሰድበሪ፣ ኦንታሪዮ፣ ከማቅለጫው ማዶ ሰፈር፤
ቱኦሞ ከበሮውን በዱቤ የገዛ ዕለት፣
ላትመለስ ከቤት የወጣች የእናቱ ድመት።

እኔ አልተጫወትሁም፤ ጣቴ ለክር አልታደለችም፤
ሥራዬ መኪና መንዳት፣ ድምፅ ማጉያ መሸከም፣
ደግሞም ካሴት መገልበጥ። በዚህ አላፍርም።

ኮረብታው ያኔ ጥቁር ነበር። ጥቁር ስል ቅኔ አልዘረፍሁም፤
የኒኬል ጢስ ልሶት፣ ሣር እንኳ አይደፍረውም።
ሌሊት ባቡሩ መጥቶ የብረት አሩን ሲደፋ፣
ሰማዩ ከሥር ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ ቀልቶ ሲጠፋ፣
ኦረስት መኪናዬ ጣሪያ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣
«ስማችን ጥቀርሻ ይሁን» አለ፣ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ።

አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ድምፁ ግን የሺህ ዓመት፣
ከጉሮሮው ሲወጣ እንደ በር፣ እንደ ዝገት።
ረዣን ጊታሩን ይዞ መጣ፤ የቄስ ረዳት ነበር፣
እሑድ ጧት ጧፍ አብሪ፣ ማታ ከሲኦል ጋር የሚማከር።

ሬሳ ለመምሰል ፊታቸው ላይ ዱቄት ነሰነሱ፤
ላቡ ሊጥ አደረገው፤ ዝንብ እያባረሩ ጨረሱ።

የቀዳነው በጥር ነው፣ ሳውናው ውስጥ፣ ምድጃው ሳይነድ፣
እስትንፋሳችን ነጥቶ ከቃላችን ቀድሞ ሲሄድ።
ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ከሥር፣ አንድ ነገር ያጉረመርማል፤
ዛሬ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ «የጥልቁ ድምፅ» ይለዋል።
የወይዘሮ ሄልቪ ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ፣
አንሶላ ሲጨምቅ የሚዘል፣ እግሩ ሥር ካርቶን ያለው መደገፊያ።

ሠላሳ ሦስት ገለበጥሁ።
«የክርስቶስ ዕድሜ!» አለ ረዣን፣ ዓይኑ በርቶ።
ገንዘባችን ነው እንጂ እዚያ ላይ የቆመው፣ ሠላሳ አራተኛውን አጥቶ።

ለመድረክ ሁለት ጊዜ ተጠራን።
በዩክሬኖች አዳራሽ አሥራ አንድ ሰው መጣ፣
አንዱ ሠርግ መስሎት ነው፤ ስጦታውን ይዞ ወጣ።
ወደ ቲሚንስ ስንሄድ መኪናዬ በረዶ ላይ ሞተ፤
ኦረስት ለጫካው ዘፈነ፤ ጫካው አልተከፋ፣ አልተደሰተ።

በበጋ ማዘጋጃ ቤት ልጆችን ሲቀጥር፣
ኦረስት ኖራ ተሸክሞ ወጣ፣ ዐለቱን ሊያሽር።
ማታ ፊቱ ነጥቶ መጣ፤ ይህኛው ዱቄት አይረግፍም።
ከኖራው በኋላ ሣር፣ ከሣሩ በኋላ ጥድ፤
በቀን ስድስት መቶ ችግኝ፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ።

«ስለ ምን ልንጮህ ነው ታዲያ?» አለ ረዣን፣ ጊታሩን ሳያነሣ።
ኦረስት ጥፍሩ ሥር ያለውን አፈር አየ።
ጥቀርሻ የሞተው ያን ማታ ነው፤
ጠብ የለ፣ ስድብ የለ፤ ገመዱን ጠቅልዬ መኪናው ላይ ጫንሁ፤ ይኸው ነው።

«ከምድር በታች ነን» ይሉ ነበር፣ ሲፎክሩ።
ቱኦሞ በእውነት ወረደ፣ ሁለት ሺህ ሜትር፣ መብራት በግንባሩ፤
ስምንት ዓመት ወረደ፣ ወጣ።
አንድ ማክሰኞ አልወጣም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ዘንድሮ ደብዳቤ መጣልኝ፣
አንዱን ካሴት በዘጠኝ መቶ ዶላር ልግዛ የሚለኝ፣
ከማላውቀው ሰው፣ ከማላውቀው አገር።
አልመለስሁለትም። ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤
መኪናዬን አቆምበት የነበረው ቦታ ጥድ ነው፤
ጭስ ማውጫው አይታይም፤ እኔም ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ ቁጥር አንድን ይዤ ወደ ወይዘሮ ሄልቪ ሄድሁ፣
ወደ አረጋውያኑ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ።
ድምፁን ዝቅ ላድርግ ስል እጄን መቱኝ።
ከዳር እስከ ዳር ሰሙት፣ ዓይናቸውን ሳይከድኑ፤
የልጃቸውን እጅ ይፈልጉ ነበር፣ ከጩኸቱ ሥር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቀና አሉ።
«ማሽኔ ናት» አሉ።
ቆይተው፣ ካሴቱ አልቆ ሲንሾካሾክ፣
«ድመቷስ?» አሉኝ፤ «ድመቷ አትሰማም?»